የቡና ተክልና የምድሩ ምግብ

ምድርና ገበሬ ያላቸው ውል የአበዳሪና የተበዳሪ ውል ነው። ምድር ታበድራለች፤ ገበሬም ይበደራል። ብድሩን የሚመልስ ሰው ሁለተኛ ሲጠይቅ አያፍርም፤ የማይመልስ ግን አንድ ቀን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል። ጤፍና ገብስ የሚያርሰው ያገራችን ባላገር ይህን ውል ከአባቶቹ ተምሮ ያውቀዋል። ስለዚህም መሬቱን አንዳንድ ጊዜ ጾም ያሳድራል፤ ከእህሉ ቀጥሎ ባቄላ ወይም አተር ይዘራበታል፤ ከበረቱም ፍግ አውጥቶ ይበትንበታል። ባለቡናው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ ውል ነፃ የወጣ መስሎት ኖሯል። የመሰለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቡናው የበቀለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለ ሆነ፤ ዱሩ ቅጠሉን እያረገፈ፤ ቅጠሉም እየበሰበሰ፤ ብድሩን በባለቤቱ ፈንታ ሲከፍልለት ቆይቷል። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ዱሩ ሳስቷል። ከፋዩ ሲደክም ተበዳሪው ራሱ መነሣት አለበትና፤ ስለዚህ ነገር በዛሬው ርእሰ አንቀጻችን ለመናገር ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጅማ የቡና አገር መሆኗን ለአንባቢዎቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። አባ ጅፋር 2ኛ ከ1878 እስከ 1932 በጅሬን ተቀምጠው ሲገዙ፤ የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። ዛሬም ከጅማ ወጥቶ ወደ አጋሮ የሚሄድ መንገደኛ፤ ወይም ወደ ሊሙ ገነት፤ ወደ የቡ፤ ወደ ሸቤና ወደ ጌራ የሚያቀና ሰው፤ ዓይኑን ከቡና ላይ ሳያነሣ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ጎጀብን ተሻግሮ ከፋ ሲገባ ደግሞ ማንም ሳይተክለው በዱር ውስጥ የበቀለ ቡና ያገኛል። የከፋና የያዩ የቡና ደኖች በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የቡና መነሻው ይህ ምድር መሆኑ ክብር ነው። ነገር ግን ክብር ብቻውን ተክል አይመግብም።

የጅማ አፈር በአብዛኛው ቀይ፤ ጥልቅና ውኃ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ለቡና ሥር እጅግ የሚመች ነው። ሆኖም ዝናቡ በብዛት ስለሚወርድ፤ በውስጡ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ከዘመን ወደ ዘመን እያጠበ ወስዶበታልና፤ አፈሩ ኮምጣጣ፤ ይኸውም ሊቃውንት አሲዳማ የሚሉት ዓይነት ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ይበረታሉ። እነርሱም ተክል ሁሉ ሥሩን ለመስደድና ፍሬውን ለመያዝ የሚፈልገውን ፎስፎረስ የተባለውን ምግብ አንቀው ይይዙታል። ስለዚህ በጅማ ምድር የቆመ ቡና፤ ጎተራው ሙሉ ሳለ መክፈቻው ጠፍቶበት በደጁ እንደሚራብ ሰው ነው። ገበሬው የፋብሪካ ማዳበሪያ ገዝቶ ቢጨምርለት እንኳ ከፎስፎረሱ ብዙው ክፍል ሳይውል ሳያድር በዚያው አፈር ይታሰራል። ማዳበሪያውም ከባሕር ማዶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚመጣ ነው፤ በ2022 ዋጋው በዓለም ሁሉ እንደምን እንደ ናረ ገበሬያችን ከማንም ይልቅ በኪሱ ያውቀዋል።

ለዚህ ለጠፋው መክፈቻ ተፈጥሮ ራሷ አስቀድማ መላ አዘጋጅታለታለች። መላው በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው። ፈንገስ ሲባል አንባቢ ሻጋታንና በሽታን ብቻ ያስብ ይሆናል፤ ባለቡናውም ቢሆን የሚያውቀው ጠላቱን እንጂ ወዳጁን አይደለም። በእርግጥም ቡና ከፈንገስ ወገን ብዙ መከራ ደርሶበታል። በሴሎን ደሴት ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዝገት የተባለው በሽታ ገብቶ የቡና እርሻውን ስላጠፋው የዚያ አገር ሰዎች ቡናቸውን ነቅለው ሻይ ተክለዋል። ባገራችንም በ1971 ፍሬውን በአረንጓዴነቱ አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ ታይቶ ብዙ ባለቡና አስለቅሷል። ያን ጊዜ በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው፤ በ1967 የተመሠረተው የእርሻ ምርምር ማዕከል፤ በሽታውን የሚችሉትን የቡና ዓይነቶች ከየስፍራው ለይቶ ለገበሬ ባያድል ኖሮ ጉዳቱ ከዚያ ይከፋ ነበር። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ቡናዎች የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው፤ 74 የሚለውም የተመረጡበትን የ1974 ዓመት ያመለክታል።

እንግዲህ ከነዚህ ጠላቶች ጋራ በስም የሚዛመድ፤ በግብር ግን የተለየ ፈንገስ አለ። በ1885 አልበርት ፍራንክ የተባለ የጀርመን ሊቅ፤ ትሩፍል የሚባለውን ከመሬት በታች የሚገኝ ውድ የእንጉዳይ ዓይነት እንደ ሌላ ተክል ማልማት ይቻል እንደ ሆነ የዛፍ ሥሮችን ሲመረምር፤ የፈንገስ ክር ሥሩን እንደ ልብስ ተጠምጥሞ አየ። ዛፉ ግን አልታመመም። ፍራንክም ሁለቱ ተረዳድተው የሚኖሩ መሆናቸውን ተረድቶ ነገሩን ማይኮራይዛ አለው፤ በግሪክ ቋንቋ የፈንገስ ሥር ማለት ነው። ትሩፍሉን የማልማቱ ጉዳይ ሳይሳካ ቢቀርም ቅሉ፤ ለእርሻ ትምህርት ከትሩፍል የሚበልጥ ነገር ተገኘ። በቡና ላይ የሚገኘው ወገን ፍራንክ ካየው ይለያል፤ እርሱ በላይ ከመጠምጠም አልፎ ወደ ሥሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፤ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የዛፍ ቅርንጫፎች የሚመስሉ ነገሮችን ይሠራል። ይህ ወዳጅነት ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ በስኮትላንድ አገር ወደ ድንጋይነት በተለወጡ፤ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በሚበልጥ ዕድሜ ባላቸው ተክሎች ውስጥ ምልክቱ ተገኝቷል።

ውላቸው እንዲህ ነው። ቡናው በቅጠሉ ከፀሐይና ከአየር የሠራውን ስኳርና ቅባት ለፈንገሱ ይሰጠዋል፤ ከሚሠራው ምግብ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚደርሰውን ይከፍላል ተብሎ ይገመታል። ፈንገሱም በፈንታው ከሥር ፀጉር እጅግ የቀጠኑትን ክሮቹን ሥሩ ሊደርስበት ወደማይችለው ስፍራ ዘርግቶ፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል እየገባ፤ ፎስፎረሱንና ሌላውንም ምግብ ለቅሞ ያመጣለታል። በበጋም ወራት ሥሩ ውኃ እንዳያጣ ይረዳዋል። ክሮቹ አፈሩንም ስለሚያያይዙት ዶፍ ሲወርድ ቶሎ አይታጠብም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ሕያው ሥር ካገኘ ብቻ ነው፤ ብቻውን ሊኖር አይችልምና። ተክል የሌለበት፤ ደጋግሞ በጥልቅ የሚቆፈርና ፀሐይ የሚያቃጥለው መሬት ይህን አጋዥ ያጣል። የፎስፎረስ ማዳበሪያም ከመጠን በላይ የተጨመረለት ተክል፤ ጓዳው የሞላ ጌታ ሎሌውን እንደሚያሰናብት፤ ፈንገሱን ከሥሩ ያርቀዋል።

ይህ ነገር በሩቅ አገር ብቻ የተጠና እንዳይመስል፤ ያገራችን ልጆች የሠሩትን እናንሣ። ዶክተር ዲሪባ ሙለታ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በቦንጋ የተፈጥሮ ቡና ደን የጥላ ዛፎቹን ዓይነትና በሥራቸው የሚገኘውን የዚህን ፈንገስ ዘር ብዛት መርምረው በ2007 አሳትመዋል። በ2008 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበሬው በጥላ ሥር የያዘውን ቡናና ቡና ብቻውን የተተከለበትን እርሻ አነጻጽረው፤ ጥላ ካለበት አፈር የሚገኘው የፈንገስ ዘር እንደሚበልጥ አሳይተዋል። እንግዲህ ሰሳውን፤ ብርብራውን፤ ዋንዛውንና ብሳናውን በቡናው መካከል ያቆዩት አባቶቻችን፤ አጉሊ መነጽር ሳይኖራቸው፤ ከመሬት በታች ያለውን ሠራዊት ሲጠብቁ ኖረዋል ማለት ነው። ከነዚህም ሰሳና ብርብራ በሥራቸው ካለው ባክቴሪያ ጋራ ሆነው ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያገኙ፤ ለቡናው በጥላም በምግብም ይጠቅሙታል። አንዱን ሰሳ ለጣውላ የቆረጠ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው በዚያው ዓመት አይደለም፤ ቆይቶ ነው።

ካካዎ የሚባለው የቸኮላት ዛፍም እንደ ቡና ሁሉ ጥላ ወዳድና ይህ ፈንገስ የሚረዳው ተክል ነው። የዓለምን ካካዎ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚያመርቱት አይቮሪ ኮስትና ጋና ዱራቸውን መንጥረው ሲተክሉ፤ መጀመሪያ ዱሩ ያጠራቀመውን ለምነት በሉ፤ ለምነቱ ሲያልቅ ደግሞ ያረጀውን እርሻ እያደሱ ለመመገብ ብዙ ድካም ደረሰባቸው። እኛ ገና ጥላው ሳያልቅ የምንማርበት ጊዜ አለን።

ፈንገሱ ግን ያለ መኖሪያ አይኖርምና መኖሪያውን ማዘጋጀት የሰው ፈንታ ነው። መኖሪያው በመበስበስ የተዘጋጀው ማዳበሪያ፤ በዛሬው አጠራር ኮምፖስት የተባለው ነው። እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ ከ1924 እስከ 1931 በሕንድ አገር በኢንዶር ተቀምጦ የባላገሩን ጥበብ በማየት፤ ገለባን፤ ቅጠልንና አዛባን ቀላቅሎ የማብሰል ሥርዓት አወጣ። በ1940 ባሳተመው መጽሐፍም የኮምፖስት ዋናው ጥቅም ከሥሩ ፈንገስ ጋራ የተያያዘ ነው ብሎ ተከራከረ። ሊቃውንት ሁሉ ያለውን በሙሉ አልተቀበሉትም፤ ሆኖም ኮምፖስት ኮምጣጣውን አፈር እንደሚያለዝብ፤ አሉሚኒየሙን እንደሚገታና ለፈንገሱ ክር ምቹ ስፍራ እንደሚሰጥ ዛሬ አከራካሪ አይደለም። ባገራችንም በትግራይ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው በ1996 ከገበሬዎች ጋራ የጀመሩት ሥራ፤ ኮምፖስት በደንብ የገባበት እህል በፋብሪካ ማዳበሪያ ከበቀለው የማያንስ ምርት ሊሰጥ እንደሚችል አስመስክሯል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ቡና ያስፈልጋል። በመፈልፈያ ጣቢያ ከሚገባው እሸት ከመቶው 40 ያህሉ ቀዩ ገለፈት ነው። 1000 ኩንታል እሸት የፈለፈለ ጣቢያ 400 ኩንታል ገለፈት በጓሮው ይከመርበታል ማለት ነው። በዚህ ገለፈት ውስጥ ፖታሲየም በብዛት አለ፤ ናይትሮጅንም አለበት፤ ሁለቱም ከገበሬው ማሳ የተወሰዱ ናቸው። እንግዲህ እሸቱን ተሸክሞ ወደ ጣቢያ የሚሄደው ገበሬ ፍሬውን ብቻ የሸጠ ይመስለዋል እንጂ የመሬቱንም ምግብ ሳይቆጠርለት አብሮ ሸጧል።

የሸጠው ምግብስ ወዴት ይሄዳል? በብዙ ስፍራ ወደ ወንዝ ይሄዳል። በኅዳር ወር ከመፈልፈያ በታች ባለ ወንዝ ዳር ያለፈ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ገለፈቱና የታጠበበት ውኃ ስኳር ስላለበት በወንዙ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውና በውኃ ውስጥ የሚኖረው ነፍሳት ይሞታል፤ ከታች ያለው ሕዝብም ለራሱና ለከብቱ የሚቀዳው ከዚያው ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህን ጉዳት መርምረው በ2012 በጽሑፍ አውጥተዋል። መሬት እየተራበ ምግቡን ለወንዝ መስጠት፤ ወንዙንም በዚያው ምግብ መመረዝ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ጥፋት ነው። ይህን ስንል ጣቢያዎችን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም፤ ጉድጓድ ቆፍረው፤ ቬቲቨር የተባለውን ሣር ተክለው ውኃውን የሚያጣሩ አሉና። ነገር ግን የጥቂቶች መልካም ሥራ የብዙዎችን ቸልተኝነት አይሸፍንም።

ገለፈቱን ወደ ኮምፖስት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ጉልበትና ሥርዓት ነው። ትኩሱ ገለፈት እንዲሁ በችግኝ ሥር ቢደፋ ይጎዳል፤ በውስጡ ያሉት ካፌይንና ታኒን የተባሉት ነገሮች ገና አልበረዱምና። ብቻውንም ቢከመር እርጥበቱ ስለሚበዛ አየር አጥቶ ይገማል። ስለዚህ የደረቀ ነገር፤ ይኸውም የጀንፈል ገለባ፤ የዛፍ ቅጠል ወይም የበቆሎ አገዳ ተከትፎ ይቀላቀልበታል። በላዩ ጥቂት አዛባ፤ ጥቂት አመድና ጥቂት የዱር አፈር እየተነሰነሰ በየደረጃው ይደረደራል። ቁመቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ክምር አይሞቅም። በኮባ ወይም በሙዝ ቅጠል ይሸፈን። ረጅም እንጨት በመካከሉ ተሰክቶ በየጊዜው እየተነቀለ ይዳሰስ፤ እንጨቱ ከሞቀ ሥራው እየሄደ ነው፤ ከደረቀ ውኃ ይሻል፤ ከበረደና ከሸተተ ተገልብጦ አየር ይግባለት። ክምሩ በመልካም ሲሞቅ እስከ 60 ዲግሪ ስለሚደርስ የአረም ዘርና ብዙ ዓይነት የበሽታ ዘር ይሞትበታል። ሲበስል ጥቁር፤ ፍርፍርና የዝናብ አፈር ሽታ ያለው ይሆናል።

የወራቱም ነገር እንደ ታዘዘ የገጠመ ነው። ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፤ ያን ጊዜ የተከመረው ገለፈት እስከ ግንቦት ይበስላል፤ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ችግኝ የሚተከልበት ወራት ነው። ይልቁንም ኮምፖስቱና ፈንገሱ አብልጠው የሚጠቅሙት ችግኝን ነው፤ በልጅነቱ ወዳጁን ያገኘ ሥር ከመደብ ወደ ማሳ ሲዛወር አይደነግጥም። ያረጀ ቡናውን የጎነደለ ገበሬም በጉንደላው ዙሪያ ኮምፖስት ቢያለብስ አዲሱ ቀንበጥ ይበረታል። ጉንደላውን አድርጎ መሬቱን ባዶ መተው ግን ገላግሎ አለማጥባት ነው።

አንዳንድ ማስጠንቀቂያም ይገባናል። ቡናን ከነግንዱ የሚያደርቀው በሽታ በአፈርና በቆንጨራ ስለት ስለሚተላለፍ፤ የደረቀው ዛፍ በቆመበት ተነቅሎ ይቃጠል እንጂ ወደ ክምር አይግባ። የዱር አፈር ለችግኝ መደብ የሚወስድም ሰው ጤነኛ ዛፍ ካለበት ስፍራ፤ ከላይ ጥቂቱን ብቻ ይውሰድ፤ ደኑን ገፎ መደብ ማልበስ አንዱን ደህይቶ ሌላውን ማበልጸግ ነውና። ፈንገሱን ማብዛት የሚሻ በንጹሕ ማሰሮ ወይም በጉድጓድ ማሽላና በቆሎ ዘርቶበት፤ ሥሩን ከነአፈሩ ከትፎ ለችግኙ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በመልኮና በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ሊቃውንት ይህን ለገበሬ በቀላል ቋንቋ ቢያስተምሩ ደስ ይለናል። በከረጢት ታሽጎ ሁሉን ያድናል እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት ቢመጣ ግን ገበሬው ሳይመረመር ገንዘቡን አያውጣ፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ዘር ሕያው መሆኑን በዓይን አይቶ የሚያውቅ የለምና። ኮምፖስትም ቢሆን ሁሉን ቻይ አይደለም፤ አፈሩ እጅግ ከኮመጠጠ ኖራ ሊያስፈልገው ይችላል።

የነገሩ ክብደት በቡናው ብቻ የሚቀር አይደለም። የቡናው ምርት ሲያንስና ዋጋው ሲወርድ፤ በጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት፤ ጥላውንም ቆርጦ ባሕር ዛፍ መትከሉን እያየን ነው። ልንፈርድበት አይገባም፤ ልጆቹን የሚያበላው ክብር ሳይሆን ገንዘብ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሰሳውና ብርብራው ከወደቁ፤ ከሥራቸው ያለውም ወዳጅ ከሞተ፤ የቡና ዋጋ ተመልሶ ቢወጣ እንኳ መሬቱ ቶሎ አይመለስም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። እሸት ቡና ጭኖ ወደ ጣቢያ የመጣ አህያና ፈረስ ባዶውን አይመለስ፤ ያለፈውን ዓመት ገለፈት በበሰለ ኮምፖስትነቱ ጭኖ ይመለስ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የራሳቸው መፈልፈያ ስላላቸው ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይቀርባሉ፤ በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየንም ምሳሌ ሊሆን ይችላል። የግሉ ነጋዴ ደግሞ ገለፈቱን ለማራቅ ከሚደክም ለገበሬው ቢመልሰው፤ በሚመጣው ዓመት ወደ ጣቢያው የሚገባው እሸት የተሻለ ይሆንለታል። ሸክሙ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ መንገድ በሌለበት ስፍራ ይህ ሸክም በሴቶች ጀርባ ላይ እንዳይወድቅ የወረዳ ሹማምንት አስቀድመው ያስቡበት። ለመፈልፈያ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ማሽኑን ብቻ ሳይሆን የገለፈቱን ማረፊያ አይቶ ቢፈቅድ መልካም ነው። የመጀመሪያው ፍሬ መቅላት ከመጀመሩ በፊት፤ ክረምቱ ሲወጣ በየጣቢያው ጓሮ ስፍራው ተለክቶ ይከለል፤ ደረቁ ቅጠልና አገዳም ከአሁኑ ይሰብሰብ፤ ወደ ወንዝ የሚወርደውም ቦይ በመስከረም ይዘጋ።